ምጥ ላስተማሩን ሁሉ

ጉብሬ ላይ ሐኪም ለመሆን ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት ጀበና ቡናዎች አንዱ ጋ ቁጭ ብሎ ሦስት ስኒ መጨረስ ይበቃል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንዴ ያስመርቃል፤ ረከቦቱ ግን በየቀኑ ነው፤ አቦል ላይ ይመዘግባል፣ ቶና ላይ ያስተምራል፣ በረካ ላይ ጥቁር ካባ ያለብሳል። ትምህርት ክፍሉም አንድ ብቻ ነው፦ ማህፀንና ጽንስ።

የወንድሜ ሚስት ወሯ ገብቷል። ቤታቸው ገጠር፣ ጀፎረው (የመንደሩ ሰፊ ጎዳና) ዳር ነው፤ ክረምቱ ያቦካው መንገድ ገና ስላልደረቀ እኔ ጋ ጉብሬ መጥታ ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ልጇን መርካቶ ዘመድ ጋ ሳለች አዲስ አበባ በኦፕራሲዮን ነው የተገላገለችው። አሁን ጥያቄው ሁለተኛው በቀጠሮ ቢላ ይውጣ ወይስ ምጡ ይጠበቅ የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሳችው ለሐኪሟ ነበር፤ መልሱ ግን ከሐኪሟ በቀር ከሁሉም ሰው መጣ። ያመጣት ባለ ባጃጅ እንኳ የአሥር ብር መልስ ከልክሎ ምክሩን በነፃ ሰጥቷታል።

እሷ ጨዋ ናት፤ ለሁሉም «እሺ» ትላለች። ጨዋ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በእሷ ፈንታ በየተራ ልመልስላችሁ።

በዕድሜ ልጀምር። «እኛ ምሰሶ ይዘን ነው የወለድነው፤ ቢላ የምናውቀው ለክትፎ ነው» ላሉት እማማ፦ እውነትዎን ነው። ግን ምሰሶውን ይዘው የተነሱት ናቸው ዛሬ ቡና ላይ የሚያወሩን። ምሰሶውን እንደያዙ የቀሩት ቡናው ላይ ስላልመጡ የእነሱን ሐሳብ መስማት አልቻልንም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ። ወርዶም 412 ነው። ሳይሞቱ የቀሩም ነበሩ። ሦስትና አራት ቀን አምጠው፣ ልጁም ሆዳቸው ውስጥ ሞቶ፣ ሽንታቸው አልቆም ብሏቸው ከሰው ተለይተው የተቀመጡ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ ያገኟቸው እነሱን ነው፤ በ1974 ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱላቸው። ያ ሆስፒታል የሞላው «ጠብቂ፣ ራሱ ይወጣል» በተባሉ ሴቶች ነው፣ እማማ።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውስ የአንቺ ምላስ ነው» አሉኝ። ይኼንን አልመለስኩም፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

ለማዶ ጎረቤታችን ግን እመልሳለሁ። «በኦፕራሲዮን የወለደች ምኑን ወለደች? ተኝታ አወጡላት እንጂ» ብላለች። አንደኛ፣ አልተኛችም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ነው፤ እናትየው ዓይኗን ገልጣ፣ ልጇ ሲያለቅስ ሰምታ ነው የምትወልደው። ሁለተኛ፣ ቆዳዋ፣ ስቧ፣ ማህፀኗ ተከፍቶ ተሰፍቶ በማግስቱ ግድግዳ ተደግፋ የምትራመድ ሴት ሰነፍ ከተባለች፣ አንቺ ባለፈው ጥርስሽን ስትነቀዪ ሰፈሩን ሙሉ ከእንቅልፉ የቀሰቀስሽው በጀግንነት ነው?

ይህም አልበቃት። «ብቻ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› አይባልም፤ የማራት ዶክተሩ ነው» አለች። ለመሆኑ ማርያም ዶክተር መላክ አትችልም ያለሽ ማነው? ከመቼ ወዲህስ ነው ማርያም «በበር ካልሆነ በመስኮት አላስወጣም» ያለችው? እንዲህ ስንባባል ከጎኔ የተቀመጠችው ሙስሊም ጎረቤታችን ረጋ ብላ «አላህ በሰላም ይገላግላት፤ በየት በኩል እንደሆነ እሱ ያውቃል» አለች። ያን ቀን ከተባለው ሁሉ አንድ የረባ ነገር ይህ ነበር።

ቀጥሎ ጋሼ። ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይመስላል። «ኦፕራሲዮን የፈረንጅ ሥራ ነው፤ አፍሪካዊት ሴት በተፈጥሮዋ አምጣ ትወልዳለች» አሉ። ጋሼ፣ ፈረንጁማ መጥቶ አይቶ ነው የደነገጠው። እ.ኤ.አ. በ1879 ሮበርት ፌልኪን የሚባል እንግሊዛዊ የዛሬዋ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ቡንዮሮ፣ ካሁራ በተባለ ቦታ አንዲት ወጣት በአገሬው ባለሙያ እጅ ሆዷ ተከፍቶ ስትወልድ ቆሞ ተመልክቷል። ሴትየዋ እንዳይሰማት የሙዝ ወይን ጠጅ አጠጧት፤ ባለሙያው እጁንም ሆዷንም በዚያው ወይን አጠበ። የሚደማውን በጋለ ብረት ተኮሱ፣ ቁስሉን በብረት ወስፌ ገጥመው በገመድ አሰሩ፣ የተፈጨ ሥር ለቀለቁበት፣ በላዩ ላይ የሙዝ ቅጠል አለበሱ። በ11ኛው ቀን ቁስሉ ድኖ ነበር። ፌልኪን ታሪኩን በ1884 በሕክምና መጽሔት አሳተመው። እንሰት ለሙዝ የሥጋ ዘመዱ እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም ጋሼ፤ እኛ ቅጠሉን ለቆጮ መጋገሪያ ስናውለው ቡንዮሮዎች ለኦፕራሲዮን አውለውታል።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «ከወይኑስ የተረፈ አለ?» አሉ።

መስቀል ስለቀረበ የአዲስ አበባዋ ዘመዳችንም ከነሻንጣዋ መጥታለች። የእሷ ክርክር ከእማማ ተቃራኒ ነው። «ምን ምጥ አመጣው? ቀኑን መርጠሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ ትገቢያለሽ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጅሽን ታቅፊያለሽ። እኛ ጋ እኮ እንዲህ ሆኗል።» አዎ፣ እናንተ ጋ እንዲህ ሆኗል። የአዲስ አበባ ጽንስ ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ የሥራ ሰዓት ያከብራል፤ ሌሊት አይወለድ፣ እሁድ አይወለድ፣ ዶክተሩ ወደ ሌላው ክሊኒኩ ሊሄድ ሲቸኩል ደግሞ ቶሎ ይወለዳል። በ2016ቱ ጥናት አገር አቀፉ ከ100 ወሊድ 2 ብቻ በኦፕራሲዮን ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 21 ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2008 የጤና ተቋማት ሲቆጠሩ፣ ለትርፍ በሚሠሩት የግል ተቋማት ከ100 ወላድ 46ቱ በቢላ ነው የወለዱት፤ በመንግሥት ተቋማት 15። የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ኪራይ ሲወደድ ዳሌም ይጠባል?

ዘመዳችን የመርካቶ ልጅ ናት፤ ዋጋ ተነግሯት ሳትከራከር አትሄድም። «የአገሩ ቁጥር 2 ስለሆነ ነዋ ለቅሶው የበዛው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ 2 የጤና ቁጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳለው በሕዝብ ደረጃ ኦፕራሲዮን ከ100 ወሊድ 10 እስኪደርስ የእናትና የሕፃን ሞት ይቀንሳል፤ ከ10 በላይ ሲሆን ግን ተጨማሪ ነፍስ ሲያተርፍ አልታየም። እንግዲህ አንድ አገር ላይ ሆነን፣ አንዷ ቢላው ሳያስፈልጋት ፀጉሯን ተሠርታ ትገባለታለች፣ ሌላዋ እያስፈለጋት በቃሬዛ ተይዛ ሳትደርስበት ትቀራለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ላይ ነው ጉብሬ የተቀመጠችው።

ወንድሜ የዘመዳችንን ሐሳብ ሲሰማ ደስ አለው። ደስ ያለው በሌላ ምክንያት ነው። «እንግዲያውስ ከመስቀል በፊት ቀጠሮ ይያዝልን፤ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ይወለድ» አለ። ስማ ወንድሜ፣ ልጅ ክትፎ አይደለም፣ ለብለብ ተደርጎ አይቀርብም። በቀጠሮ የሚደረግ ኦፕራሲዮን አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ 39 ሳምንት እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ከዚያ በፊት የወጣ ሕፃን ለመተንፈስ የሚቸገርበት ዕድል ይበልጣል። መስቀል ላይ ስንተኛ ሳምንቷ እንደሚሆን ደግሞ ማወቅ አለብህ። ክትትል ላይ አብሬያት ገብቼ የሰማሁትን ላውራችሁ፦

«የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» አለች ሲስተር።

«ለገና ሰሞን።»

«ከገና በፊት ነው በኋላ?»

«የበዓሉ ዶሮ ሳያልቅ ነው።»

ሲስተር ሳቀችና ከፋይሉ ውስጥ በጊዜ የተነሳችውን አልትራሳውንድ አውጥታ አስተያየችው። እርግዝናው ገና ትንሽ ሳለ የተነሳ አልትራሳውንድ ሳምንቱን ከሁሉ ይበልጥ በትክክል ይናገራል፤ ሆድ ከገፋ በኋላ የሚነሳው በሳምንታት ሊስት ይችላል። ዶሮውም አልትራሳውንዱም ተስማሙ፦ መስቀል ላይ 37 አልፋ 38 አትሞላም። «ስለዚህ» አልኩት ወንድሜን፣ «ልጅህ ለዘንድሮ መስቀል አይደርስም። ለከርሞው ቆሞ እየሄደ ይደርሳል፤ ክትፎውንም ያኔ ይሻማሃል።»

እስካሁን የቀለድኩት ሌሎች ላይ ነው። የወንድሜን ሚስት ማታ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋት፤ «ቆይ አንቺስ? ምጥ ትፈሪያለሽ?» ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምጡን አይደለም፤ አፋቸውን ነው» አለችኝ። በመጀመሪያው ልጇ ምጥ ጀምሯት አንድ ቦታ (ስሙን ተዉት) ስትገባ፣ ከጎኗ አልጋ ላይ የምትጮኸዋን ሴት «ያኔ ሲጣፍጥሽ እንዲህ ጮኸሻል?» ብላ አዋላጅዋ ስትሰድባት ሰምታለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሷ ትንፍሽ አላለችም። ልጁ በመቀመጫው መምጣቱ ታውቆ ወደ ኦፕራሲዮን ስትገፋ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ ቢያንስ ቢላው አይሳደብም።

እንግዲህ «ምጥ ፈርታ ነው» እያላችሁ የምትተርቧት ሁሉ ይህንን ስሙልኝ። ቢላ የምትለምን ሴት ብዙ ጊዜ የምትሸሸው ምላስን ነው። ለዚያች ነገረኛ አዋላጅ የኔን መልስ አድርሱልኝ፦ አዎ፣ ጣፍጧት ነበር። አንቺን እንዲህ ያመረረሽ ምን ቢቀርብሽ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ምጥ ባወጣው ምክር የምታምጥ ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንና በክብር እንድትያዝ ይላል። አብሯት የሚገባ ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም፤ እኔ አለሁ። እኔ በር ላይ ከቆምኩ ማንም እንደዚያ የሚላት አይመስለኝም።

ወደ ጠባሳው ልምጣ፤ ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። «አንዴ በቢላ የወለደች ሁሌም በቢላ ነው» የሚለውን ከባለ ባጃጁ እስከ ዘመዳችን ሁሉም ይለዋል። ይህን ነገር የዓለም አባባል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1916 ኒውዮርክ ላይ ኤድዊን ክራጊን የተባለ ሐኪም ነው። ያኔ ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ እንዲህ ያለ ጠባሳ በቀጣዩ ምጥ የመተርተር አደጋው ከፍ ያለ ነው። ክራጊን ሊል የፈለገውም «ለመጀመሪያው ቢላ አትቸኩሉ፣ ኋላ ይከተላችኋል» ነበር። ሰው ግን ማስጠንቀቂያውን ጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ይዞ ሄደ። ዛሬ አብዛኛው ኦፕራሲዮን የሚደረገው ከማህፀኑ ታች፣ አግድም ተከፍቶ ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ ያላት ሴት መሞከር የምትችልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናቴ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባች። «የሷ አግድም ነው፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።» እማ፣ አንቺ ያየሽው የቆዳውን ነው። ቆዳው አግድም ሆኖ ማህፀኑ ከላይ ወደ ታች ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። የሚያውቀው ያን ቀን የተጻፈው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የት አለ? ቤቱ ታመሰ። ወንድሜ የጋብቻ ፎቶ አገኘ፣ የጠፋ የመብራት ደረሰኝ አገኘ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የተቃጠለ የሞባይል ቻርጀር አገኘ። በመጨረሻ እናቴ ከዕቁብ ደብተሯና ከግብር ደረሰኟ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ሣጥኗ ሥር ያስቀመጠችውን አወጣች። ሙሉ ቀን ሲያከራክረን የዋለው ነገር ግማሽ ገጽ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፦ አንድ ኦፕራሲዮን፣ ታችኛው ማህፀን፣ አግድም፤ ምክንያቱ በመቀመጫው የመጣ ጽንስ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ አልትራሳውንዱን አየ። ያሁኑ በጭንቅላቱ ነው የመጣው፤ እንግዴ ልጁም ከማህፀን አፍና ከጠባሳው ርቆ ነው የተቀመጠው፤ ካለፈው ወሊድ ሁለት ዓመት አልፏል። «መሞከር ትችያለሽ፤ ቀጠሮም መያዝ ትችያለሽ» አላት። እንደሷ ካሉት ከሚሞክሩት 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80ዎቹ በምጥ ይወልዳሉ። ጠባሳው የሚተረተርባት ከ100 አንድ አትሞላም፤ ያቺ አንድ ግን የምትተርፈው ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ደምና ቢላ የሚይዝ ሰው ሌሊትም ዝግጁ በሆነበት ቦታ ከሆነች ብቻ ነው። በቀጠሮ ከሆነ ይህን ስጋት ታመልጣለች፤ በምትኩ መድማትና ቁስል ማመርቀዝ አለ፤ ከዚያም ላይ ኦፕራሲዮኑ በተደጋገመ ቁጥር የቀጣዩ እንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ የመጣበቅ አደጋው ይጨምራል። ማህፀኗ ከላይ ወደ ታች የተከፈተ፣ ከዚህ ቀደም የተተረተረባት፣ እንግዴ ልጁ የማህፀኑን አፍ የዘጋባት ሴት ምርጫ የላትም፤ የእሷ ነገር በቀጠሮ ነው፣ አለቀ። «አንቺ ግን ስንት ልጅ ነው የምታስቢው?» አላት።

«አራት» አለች።

«ስድስት» አለ ወንድሜ።

«ሁለቱን አንተ ትወልዳለህ።» ይኼ የኔ አይደለም፣ የራሷ ነው። ጨዋ ናት ብዬ ነበር፤ እኔ ጋ መቀመጧ ሳያበላሻት አልቀረም።

የቀረው ቦታው ነው። እዚሁ ጉብሬ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አጣጥ አለ። አጣጥ ሲባል ማዶኛዋ ጎረቤታችን እንደገና ተነሳች፦ «እዚያ አስቀድማ ሄዳ ከተኛች ይቀዷታል! የተኙት ሁሉ ናቸው የሚቀደዱት!» አሁንማ ልክ አገኘሁሽ፤ ምክንያቱም ያልሽው በከፊል እውነት ነው፣ ቁጥሩም አለኝ።

አጣጥን የካቶሊክ ሜዲካል ሚሽን እኅቶች የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለአስርት ዓመታት የቆየ የእናቶች ማቆያ አለ። ቢላ የነካት፣ መንታ የያዘች፣ ከዚህ ቀደም ልጅ የሞተባት፣ ቤቷ ከመንገድ የራቀ ሴት ወሯ ሲገባ ስንቋንና ማገዶዋን ይዛ፣ የምታበስልላት ዘመድ አስከትላ መጥታ ትቀመጣለች። ምጥ ሲጀምራት ባጃጅ አትጠራም፤ ግቢውን ነው የምታቋርጠው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) አጣጥ ውስጥ የወለዱ 24,148 ሴቶች ተቆጥረዋል፤ 6,805ቱ ከማቆያው የሄዱ፣ ቀሪዎቹ ከቤታቸው በቀጥታ የመጡ ናቸው። በኦፕራሲዮን የወለዱት ከማቆያዎቹ ከ100 ሴቶች 39 ገደማ፣ ከቀጥታዎቹ 20 ገደማ። እንዳልሽው ነው፤ በእጥፍ ተቀደዋል።

አሁን የሞቱትን ቁጠሪልኝ። በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ፣ ከማቆያዎቹ እናቶች 90፣ ከቀጥታዎቹ 1,333። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ በማቆያዎቹ 18፣ በቀጥታዎቹ 191፤ ከአምስት አንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ማቆያው ውስጥ የሚቀመጡት ደግሞ ደህነኞቹ ሳይሆኑ አደጋ ያለባቸው ተመርጠው ነው። በቀጥታ ከመጡት መካከል ቤት ውስጥ ሲጠበቁ፣ ምሰሶ ሲያስይዟቸው፣ ሽማግሌ ሲመክርባቸው ቆይተው ጉልበታቸው ካለቀ በኋላ የደረሱ ስላሉበት ቁጥሩን እንደ ሚዛን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ልክ አይሆንም የሚል ካለ፣ እውነት ነው፤ እኔም የምለው እሱን ነው። እነዚያ ሴቶች የሞቱት ቤትና መንገድ ላይ በባከነው ሰዓት ነው። እና ጎረቤቴ፣ «የሚቀደዱት የተኙት ናቸው» ያልሽውን ጨርሺውና ንገሪ፦ ወደ ቤታቸው የተመለሱትም እነሱ ናቸው።

(«ገጠር ሆስፒታል የሚቀደው ዶክተር ሳይሆን የጤና መኮንን ነው» ያለም አለ። አገሩ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በሁለተኛ ዲግሪ ያሠለጠናቸው ናቸው፤ ስንት እናት በእነሱ እጅ ተርፋለች። ይህን ያለው ደግሞ ባለ ባጃጁ ነው፤ የአሥር ብሯን መልስ ይስጥና ከዚያ ስለ ሙያ ፈቃድ እናወራለን።)

እሷ ወሰነች። ምጡን ትሞክራለች፤ 38 ሲሞላት ማቆያ ትገባለች፤ ዶክተሩ «በቃ» ካለ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ለቢላው ትፈርማለች። «ባሏ ሳይመጣ?» አሉ እማማ። እማማ፣ ማህፀኑ የሷ፣ እጁ የሷ፣ እስክሪብቶ እንኳ ከጎደለ እኔ አቀብላታለሁ። እሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ማህፀን የለም።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያሳሰበው አንድ ነገር ነው። «ኦፕራሲዮን ከሆነስ? ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታነሳም አሉኝ። እንሰቱን ማን ይፍቃል?»

«አንተ።»

«እኔ ወልቂጤ ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው።»

ሦስት ቀን! ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ብሎ ለአባት ሦስት ቀን ያለው አዋጅ አባትን በደንብ ያውቀዋል፤ ገንፎውን በልቶ ለመጨረስ ይበቃዋል። ግን ወንድሜ፣ ከሥራ ስትወጣ ምሽት አለህ፣ ቅዳሜ አለህ፣ እሁድ አለህ። እንሰቱን ስትተክል «የወንድ ሥራ ነው» ብለሃል፤ ልጁንም ስትተክል እንዲሁ። አንዳንዴ የተከለ ይፋቅ።

እናቴ ደነገጠች። «ኧረ በስመአብ! ወንድ ልጅ እንሰት ሲፍቅ ሰው ቢያየው ምን ይለዋል?»

«‹እንኳን ማርያም ማረችህ› ይለዋል፣ እማ።»